ፔዦ ፒ ኤክስ 10፦ ስሙ ሳይለወጥ የተለወጠው ብስክሌት

ሁለት ያረጁ የውድድር ብስክሌቶች ግድግዳ ተደግፈው ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንዱ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ሌላው በ1970ዎቹ አጋማሽ ከፋብሪካ የወጣ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም የፈረንሳዩ ፔዦ ሥራዎች ናቸው፤ የሁለቱም ስም ፒ ኤክስ 10 ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩዋቸው ግን የማርሽ መቀየሪያቸው አይመሳሰልም፣ የፔዳላቸው ክንድ አይመሳሰልም፣ ፍሬናቸውም የዘመድ መልክ አለው እንጂ አንድ አይደለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ፋብሪካው ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ስም ይዞ፣ ከስሙ ሥር ያለውን ብስክሌት ቀስ በቀስ ሲለውጠው ኖሯል።

ታዲያ ስሙ የቆመው በምን ላይ ነው? ሳይለወጥ የዘለቀው ከውጭ የማይታየው ነገር ነው፦ ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) የተሠራበት ብረት፣ እንዲሁም የቱቦዎቹና የብሎኖቹ ልክ። ብስክሌቱን ያኔ ፒ ኤክስ 10 ያደረገው፣ በመጨረሻም መውጫ ያሳጣው ይኸው ልክ ነው።

ፔዦ ብስክሌት የጀመረው መኪና ከመሥራቱ በፊት ነው። በምሥራቅ ፈረንሳይ የነበረው ቤተሰብ የመጋዝ ምላጭ፣ የቡና መፍጫና የጃንጥላ ዘንግ ሲሠራ ቆይቶ በ1882 የመጀመሪያውን ብስክሌት አወጣ። የፈረንሳይ ዙር ውድድር (ቱር ደ ፍራንስ) በ1903 ከተጀመረ በኋላ ሉዊ ትሩስሊየ በ1905 በፔዦ ብስክሌት አሸነፈ፤ ድርጅቱ በሂደት እስከ 1977 ድረስ በጠቅላላው 10 የዙር ድሎችን ቆጠረ። ፒ ኤክስ 10 ለሽያጭ የቀረበው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የተወዳዳሪዎቹን የመሰለ ብስክሌት ገዝቶ መንዳት ለሚፈልግ ሰው። በነገራችን ላይ 10 የሚለው ቁጥር የማርሽ ብዛትን አያመለክትም። ዩ ኦ 8 የሚባለው ርካሹ የፔዦ ብስክሌትም ማርሹ 10 ነበር።

ከቴላዮው እንጀምር። የተገጣጠመው ሬይኖልድስ 531 ከሚባል የብረት ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በ1935 የወጣ ሲሆን ብረቱ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ነው። የሬይኖልድስ መቀመጫ የእንግሊዟ በርሚንግሃም ስለሆነች፣ ፈረንሳዊነቱ ሲነገርለት የኖረው ብስክሌት አጥንቱ ላይ የእንግሊዝ ስም ተለጥፎበታል። የቱቦው ብልሃት ውፍረቱ ላይ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ወፍራም፣ መሃሉ ስስ ነው። ጫፎቹ እሳት የሚነካቸውና ጫናው የሚያርፍባቸው በመሆናቸው ብረት ይፈልጋሉ፤ መሃሉ ያን ያህል ስለማይጨነቅ ከዚያ ላይ ክብደት ይቀነሳል። ቱቦዎቹ የሚገጣጠሙትም ጫፍ ለጫፍ በመበየድ አይደለም። እያንዳንዱ ጫፍ እንደ እጅጌ ባለ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና በመካከላቸው ባለው ቀጭን ክፍተት የቀለጠ ነሐስ ይሰርጋል፤ የቱቦው ብረት ራሱ አይቀልጥም። ለብዙ ዓመታት ፔዦ ለዚህ ብስክሌት የተጠቀመባቸው የነርቬክስ መጋጠሚያዎች ጠርዛቸው እንደ ጥልፍ የተጠማዘዘ ነበር። በነጩ የ1970ዎቹ ፒ ኤክስ 10 ላይ ከመሪው ሥር ያሉት መጋጠሚያዎች ጥቁር ስለተቀቡ ጥልፉ ከሩቅ ይታያል። የሹካውና የኋላው ቱቦዎች ጫፍ ደግሞ በክሮም ያብረቀርቃል። ሙሉ ብስክሌቱ ወደ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለብረት ብስክሌት ይህ ዛሬም የሚያሳፍር አይደለም።

አሁን ቴላዮው ላይ የሚንጠለጠሉትን ዕቃዎች እንይ፤ ለውጡ ያለው እዚያ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማርሽ መቀየር ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። የፈረንሳይ ዙር አዘጋጆች እስከ 1937 ድረስ ማርሽ መቀየሪያን ከውድድሩ አግደውት ስለነበር ዕቃው ገና ወጣት ነው። ፔዦ የሚጠቀመው የሲምፕሌክስን ነበር፤ ሲምፕሌክስ ሉሲየን ዡዊ የተባለ ሰው በዲዦን ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ነው። የዚያን ዘመን የኋላ መቀየሪያ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው እንደ መሳቢያ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በሚንሸራተት ዘንግ ነበር። የፊተኛውን ለመቀየር ደግሞ ነጂው እየነዳ አጎንብሶ፣ በሁለት እግሮቹ መካከል እጁን ሰዶ ትንሽ ማንሻ ይገፋል። ያን ማንሻ ያለ መውደቅ መግፋት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጣሊያናዊው ካምፓኞሎ በ1950 አካባቢ በአራት መገጣጠሚያ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ መቀየሪያ ሲያወጣ መንሸራተቱ ቀርቶ መወዛወዝ ተተካ። ሌሎቹም በየተራ ተከተሉ።

ሲምፕሌክስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ያከራክራል። መቀየሪያውን ከፕላስቲክ ሠራው። ዕቃው የዱፖንት ኩባንያ ፈጠራ የሆነው ዴልሪን ነው፤ ጠንካራ፣ የሚያዳልጥ፣ ቅባት ብዙ የማይፈልግ፣ የማይዝግ፣ ቀላል። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። አንዱን በእጅ ይዞ ማየት ጥሩ ነው፦ ጥቁር፣ ደብዘዝ ያለ፣ የአሻንጉሊት ዕቃ የሚመስል። ገዢ ለሚሰጠው ገንዘብ ብረት መንካት ይፈልጋልና ይህ መልኩ ብቻውን ብዙ ሰው አሸሸ። በአሠራሩ ግን ብልህ ነበር። ሰንሰለቱን የሚወጥረው የታችኛው ክንድ ብቻ ሳይሆን ከቴላዮው ጋር የሚያያዘው የላይኛው መገጣጠሚያም ስፕሪንግ አለው። ሁለቱ ስፕሪንጎች እየተመዛዘኑ ትንሿን መዘውር ከጥርሶቹ ሳትርቅ ያቆዩአታል፤ መዘውሯ ለጥርሱ በቀረበች መጠን ማርሹ ቶሎ ይገባል። በዚህ ጉዳይ የእኔ ፍርድ ለሲምፕሌክስ ያደላል። አዲስ ሳለ እጅግ ውድ ከሆነው የጣሊያን ብረት ባላነሰ ማርሽ ይቀይር ነበር። ችግሩ ዕድሜ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲያረጅ ብሎን አጥብቆ በያዘበት ቦታ ይሰነጠቃል። በዚህ ምክንያት በ1970ዎቹ ሱፐር ኤል ጄ የተባለው የብረታ ብረት መቀየሪያ መጣ፤ ኤል ጄ የሉሲየን ዡዊ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። አሠራሩ ያው ባለ ሁለት ስፕሪንግ ነው፤ የተለወጠው ሥጋው ነው።

ከመቀየሪያው ይልቅ ጸጥ ያለው ለውጥ የፔዳሉ ክንድ ላይ ነው። የድሮ ክንድ ከመሃል ዘንጉ ጋር የሚያያዘው በሽብልቅ ነበር። አንድ በኩል የተሞረደ የብረት ካስማ በመዶሻ ተመትቶ ይገባና ክንዱን ከዘንጉ ጋር ያጣብቃል። ለማውጣት ደግሞ እንደገና መዶሻ ያስፈልጋል፤ ሽብልቁ ተጣምሞ ከቀረ ቀኑ አለፈ ማለት ነው። ስትሮንግላይት የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት በ1930ዎቹ 49 ዲ በሚባለው ክንዱ ይህን አስቀረ። ዘንጉ ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ እየጠበበ ይሄዳል፤ የአልሙኒየሙ ክንድም ተመሳሳይ ቀዳዳ አለው፤ አንድ ብሎን ሲጠብቅ ክንዱ ወደ ሰፊው ወገን እየተገፋ ራሱን ይቆልፋል። ፒ ኤክስ 10 ከርካሾቹ ወንድሞቹ የሚለይበት አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ ዩ ኦ 8 በ1970ዎቹም ገና በሽብልቅ ይሄድ ነበር። በኋላ 49 ዲን ስትሮንግላይት 63፣ እሱንም 93 ተካው።

የ93ቱ ሁለት የፊት ጥርሳም ክቦች 52 እና 45 ጥርስ ነበራቸው፤ ለዛሬ ዓይን በጣም የተቀራረቡ ናቸው። የዛሬ ብስክሌት ፊት ለፊቱ 50 እና 34 ቢይዝ ማንም አይገረምም። ያኔ ከኋላ ያሉት ጥርሳም ክቦች አምስት ብቻ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ዝላይ ሰፊ ነበር። 52ን ለ45 ብታካፍሉት ወደ 1.16 ይደርሳል፤ ፊት ላይ የሚደረገው ቅያሬ ፔዳል የመርገጡን ክብደት በ16 በመቶ ያህል ብቻ ይለውጣል ማለት ነው። የኋላው ዝላይ ሲበዛበት ነጂው በፊተኛው ግማሽ እርምጃ ይራመዳል። አቀበት ሲመጣ ግን ሁለቱም ትልልቅ ስለሆኑ የጉልበት ነገር ይሆናል።

ፍሬኑ የማፋክ ነው፤ ድርጅቱ በክሌርሞን ፌራን የነበረ ነው። ሁለት ክንዶች ከጎማው ግራና ቀኝ ይተከላሉ፣ መሃል ላይ አጭር ሽቦ ያገናኛቸዋል፣ የእጅ ፍሬኑ ያን ሽቦ ከመሃሉ ወደ ላይ ይስበዋል። ሬሰር ከሚባለው ረጅም ክንድ ወደ ኮምፔቲሲዮን ወደሚባለው አጭር ክንድ የተሸጋገረው ክንዱ ባጠረ ቁጥር መታጠፉ ስለሚቀንስ ነው። ሁለቱም በደንብ ያቆማሉ፤ ሁለቱም ይጮኻሉ። ጩኸቱ የሚጠፋው የፍሬኑ ጎማ የፊት ጫፍ ከኋላው ጫፍ ጥቂት ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ሲጣመም ነው።

ስለ ዝናው ባጭሩ። ቤልጅየማዊው ታላቅ ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ ገና ወጣት ሳለ በ1966 እና በ1967 ሚላን ሳን ሬሞ የተባለውን የጣሊያን ውድድር ያሸነፈው የፔዦን ማልያ ለብሶ ነው። በዚያው በ1967 ሮዤ ፒንዦን፣ በ1975 እና በ1977 ደግሞ ቤርናር ቴቭኔ በፔዦ ብስክሌት የፈረንሳይን ዙር አሸንፈዋል። የቴቭኔ የ1975 ድል የተገኘው ለሌላ ቡድን ይጋልብ የነበረውን ያንኑ መርክስን በመርታት ነው። በነጭ ማልያ ላይ ጥቁር የዳማ ገበታ የሚመስለው ምልክት ፒ ኤክስ 10ን ለብዙ ሰው ሸጦታል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን አንድ ባለሙያ ተወዳዳሪ የሚነዳው ብስክሌት ለእሱ ቁመት በልዩ የተሠራ፣ አንዳንዴም የሌላ ሠሪ እጅ ያረፈበትና የቡድኑ ቀለም የተቀባ መሆኑ የአደባባይ ምስጢር ነበር። ከሱቅ የሚገዛው ፒ ኤክስ 10 የእነሱ ታናሽ ወንድም ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች በድንገት የብስክሌት ፍቅር ያዛቸውና የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ትእዛዝ ጎረፈላቸው። የዚያን ጊዜዎቹ ፒ ኤክስ 10ዎች ቀለማቸውንና የመጋጠሚያቸውን ጠርዝ ላስተዋለ ሰው ጥድፊያው ይታያል። ችግሩ ግን ከቀለሙ በታች ነበር፤ ብስክሌቶቹ ፈረንሳይን ለቀው በወጡ ጊዜ ያ የተደበቀ ልክ ራሱን ገለጠ።

ብሎን ላይ እየተጠመዘዘ የሚወርደውን ጥርስ ከሰንሰለት ጥርስ ለመለየት ጥምዝ እንበለው። እንግሊዝ ጥምዙን በኢንች ለካች፣ ፈረንሳይ በሚሊ ሜትር። የእንግሊዝ ፔዳል ዘንግ 14.29 ሚሊ ሜትር፣ የፈረንሳይ 14 ሚሊ ሜትር ነው። የመሪው አንገት በእንግሊዝ 22.2፣ በፈረንሳይ 22.0 ነው። የኮርቻው ምሰሶ በእንግሊዝ 531 ቴላዮ አብዛኛውን ጊዜ 27.2፣ በፒ ኤክስ 10 ደግሞ 26.4 ነው። ከላይ የሚያልፈው ቱቦ በእንግሊዝ 25.4፣ በፈረንሳይ 26፤ ወደ ፔዳሉ የሚወርደው በእንግሊዝ 28.6፣ በፈረንሳይ 28። ክፋቱ መቀራረባቸው ነው። ልዩነቱ የጣት ያህል ቢሆን ኖሮ ማንም አይሞክረውም ነበር። ሩብ ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ዕቃው የሚገባ ይመስላል፤ ሁለት ዙር ይሄዳል፤ ትንሽ ኃይል ቢጨመር ሦስተኛውን ይሄዳል፤ ከዚያ የአልሙኒየሙ ክንድ ጥምዝ ተላጭቶ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ የፈረንሳይ ፔዳሎች ላይ ዴ እና ዤ የሚሉ ፊደሎች ተቀርጸዋል፤ ቀኝና ግራ ለማለት ነው። ፊደሎቹን ያላየ ብዙ መካኒክ ፔዳል አበላሽቷል።

ከሁሉም የሚገርመው የመሃል ዘንጉ ቤት ነው። ዘንጉ የሚዞረው ግራና ቀኝ በተጠመዘዙ ሁለት የብረት ኩባያዎች ውስጥ በተደረደሩ ኳሶች ላይ ነው። በእንግሊዝ ልክ የቀኙ ኩባያ ጥምዝ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። በፈረንሳይ ልክ ሁለቱም እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። ምን ልዩነት አለው? እርሳስ አንሱና በጭብጣችሁ ውስጥ ልል አድርጋችሁ ያዙት። በሌላው እጃችሁ ጫፉን ይዛችሁ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ክብ አስነዱት። እርሳሱ ጭብጣችሁ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሽከረከር ይሰማችኋል። ኳሶቹም ኩባያውን እየዳመጡ ሲዞሩ እንዲሁ ያደርጉታል፤ በቀኝ በኩል ፔዳሉ ወደ ፊት ሲዞር ኩባያው በጥቂቱ ወደ ኋላ ለመዞር ይሞክራል። በእንግሊዙ ጥምዝ ይህ ሙከራ ኩባያውን ያጠብቀዋል፤ በፈረንሳዩ ይፈታዋል። የፒ ኤክስ 10 የቀኝ ኩባያ በኃይል ጠብቆ ካልገባ በራሱ እየላላ ይመጣል። ስዊሶች የፈረንሳዩን ልክ ወስደው የቀኙን ጥምዝ ብቻ ገለበጡት፤ ሞቶቤካን የተባለው ሌላው የፈረንሳይ ድርጅትም ያንን ተከተለ። እንግዲህ አንድ የፈረንሳይ ብስክሌት ኩባያ ለመፍታት ቁልፍ ያነሳ ሰው፣ ወደየት እንደሚያዞር ከማወቁ በፊት የብስክሌቱን ስም ማንበብ ነበረበት። ባለማወቅ ወደ ማጥበቂያው የዞረ ኩባያ ለሰዓታት ያታግላል።

ይህ ሁሉ ልክ ለፔዦ ችግር ያልሆነው በአቅራቢያው ያሉት ሠሪዎች ሁሉ፣ ሲምፕሌክስም ስትሮንግላይትም ማፋክም፣ በዚያው ልክ ስለሚሠሩ ነው። የጃፓኖቹ ሺማኖና ሰንቱር ዕቃ በርካሽ ዋጋና ባነሰ ጣጣ ገበያውን ሲይዝ ግን ክበቡ ተሰበረ። የጃፓን መቀየሪያ ለመስቀል የኋላው ሹካ ጫፍ ጥምዝ ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል፤ በብዙ ፒ ኤክስ 10ዎች ላይ ያለው የሲምፕሌክስ ጫፍ ቀዳዳው ልሙጥ ነው፣ ማቆሚያውም ሌላ ቦታ ነው። ከኋላ ስድስትና ሰባት ጥርሳም ክብ ለመደርደርም ለአምስት የተሠራው 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ጠበበ፤ 126 ሆነ፣ ቆይቶም 130። የፈረንሳይ ዕቃ ሠሪዎች በ1980ዎቹ አንዳንዶቹ ተዘጉ፣ አንዳንዶቹ ተሸጡ፤ የብስክሌት ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ ወደ እንግሊዙ ጥምዝ ተሻገሩ። በፔዦ ዝርዝር ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ ፒ ኬ ኤን 10 ያሉ ስሞች በቀድሞው ቦታ መታየት ጀመሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ ፒ ዋይ 10 ኤፍ ሲ መጣ፤ ቱቦዎቹ የካርቦን ጭረት፣ መጋጠሚያዎቹ አልሙኒየም፣ ማያያዣው ሙጫ ነው። ነሐስ የለም፣ 531 የለም። 10 የሚለው ቁጥር ብቻ ቀርቷል።

ዛሬ አንድ ፒ ኤክስ 10 እጃችሁ ቢገባ ዓመቱን ከዕቃው ለማንበብ አትቸኩሉ። መቀየሪያ ይሰበራል፣ ይተካል፤ ክንድ ይለወጣል፤ በ1962ቱ ቴላዮ ላይ የ1975 ፍሬን ማግኘት የተለመደ ነው። ከመቀየሪያው በፊት የኮርቻውን ምሰሶ አውጥታችሁ ለኩ፤ 26.4 ከሆነ ቴላዮው የሚናገረውን እየተናገረ ነው። ቀጥላችሁ የመሪውን አንገት ሳቡትና ከታች በኩል የተመታውን ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ 22 ከሆነ አንገቱ ከብስክሌቱ ጋር የተወለደ ሊሆን ይችላል። 22.2 የሚል ከሆነና ዙሪያውን ደብዘዝ ያለ የጭረት ቀበቶ ካያችሁበት፣ ከእናንተ በፊት የነበረ አንድ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ያችን 0.2 ሚሊ ሜትር አስለቅቋታል።